የቅዳሜው የአዛውንቶች ቃል ቀረጻ

ውድ አባላት፣

የፊታችን ቅዳሜ የደሴ አዛውንቶችን ትዝታ በድምፅ እንቀዳለን። ከጠዋቱ 3 ሰዓት አይጠየፍ አዳራሽ በር ላይ እንገናኝና ሁለት ሁለት ሆነን ወደየቤቱ እንሄዳለን።

ከሁሉ በፊት ስለ 1966ቱ ረሃብ ጠይቁ፤ ማን ከማን ጋር ምን ተካፍሎ እንደበላ፣ ማን ወዴት እንደተሰደደ። በኅዳር 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ያዩ ዛሬ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከወላጆቻቸው የሰሙ ግን አሉ። አባጋሮች፣ ማለትም የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች፣ ደም እንዴት እንደሚያደርቁም አስረዝማችሁ አስወሩ። የዱበርቲዎችን፣ የመራቂ እናቶችን፣ ምርቃት ደግሞ ከነዜማው ቅዱት፤ አንዲት ቃል እንኳን አታርሙ።

ከመቅዳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። ስልካችሁን ከረከቦቱ አርቁ፤ ባለፈው ከአንዲት እናት የቀዳነው ግማሹ የሲኒ ኮሽታ ሆኖብን ቀርቷል። የተሞላ ስልክ፣ ደብተርና እስክርቢቶ ያዙ። ባዶ እጅ መግባት ነውር ነውና በየቡድኑ ግማሽ ኪሎ ቡና ይገዛ።

የምትመጡ፣ በተለይም ኦሮምኛ ወይም አርጎብኛ የምትችሉ፣ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ አሳውቁኝ። በሰፈራችሁ ልንጠይቃቸው የሚገቡ አዛውንት ካሉም አስቀድማችሁ አነጋግሯቸውና ምላሻቸውን በግል ላኩልኝ።