ስለ እኛ የተጠናው ለእኛም ይድረሰን፦ ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች።

የምጽፍላችሁ ከሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝ ነው። የታሪክ መምህር ነኝ። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ራሱን የቻለ የማኅበራዊ ሳይንስ ምርምር ተቋም ይቋቋምልን።

አገራችን ያልተጠና ሆኖ አይደለም። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሌቪን መንዝን ያጠናው ገና በንጉሡ ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህም አጥኚ ተቋርጦብን አያውቅም። ችግሩ የተጠናው የት እንደሚገባ አለማወቃችን ነው።

አንድ ተመራቂ ተማሪ ይዤ አንድ ሽማግሌ ቤት ሄድኩ። መጠይቁ «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልስማማም» የሚሉ ሳጥኖች ያሉበት ነው። ስለ መሬት ሽግሽግ ጠየቃቸው። አባባም ከአባታቸው ርስት ጀመሩ፤ በ1967 አዋጅ ምን እንደሆነ፣ በ1989 ሽግሽግ ማሳው ለማን እንደደረሰ፣ ከማን ጋር ተካሰው በማን ሽምግልና እንደታረቁ አንድ በአንድ ነገሩት። ልጁ በትሕትና አዳመጠና «እስማማለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ። በልጁ አልፈርድም፤ ጊዜም ገንዘብም አልነበረውም፣ የማስረከቢያው ቀን ደርሶበታል። አባባ ግን እስከ ዛሬ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ «ያ ልጅ ምን ደረሰ? ወረቀቱስ ምን አለ?» ይሉኛል። የምመልሰው የለኝም።

መንዝ ውስጥ ያለው የደጋ ሣር ምድር፣ የጓሳም ነገር እንደዚሁ ነው። የመንዝ ሰው ጓሳን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሕግ ሲጠብቅ እንደኖረ ይነገራል። ሣሩ እንዲያገግም ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈትም ማን መቼ ገብቶ እንደሚያጭድ የታወቀ ነበር። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። የ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሥርዓት ፈረሰ። ሣሩና ቀይ ቀበሮው ግን ዛሬም አሉ። እንዴት ተረፉ? ሕዝቡ ከአሮጌው ሕግ ምኑን ይዞ ቆየ? ይህ እኮ የማኅበራዊ ሳይንስ ጥያቄ ነው! የዶክትሬት ጥናት ሳይቀር ተሠርቶበታል፤ ግን በእንግሊዝኛ፣ ያውም ውጭ አገር። አያቶቻቸው ጓሳን የጠበቁ ተማሪዎቼ ስለዚያ ሕግ የሚያነቡት አንድ ገጽ በአማርኛ ላገኝላቸው አልቻልኩም።

አርአያ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት፣ በታሪክ ምሁሩ በሪቻርድ ፓንክረስት መሪነት ቤተ መጻሕፍቱን፣ ሙዚየሙንና መጽሔቱን አንድ ላይ ይዞ ነው የተነሣው። ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ይመስለኛል። አጥኚው ቢሄድም፣ ቢያልፍም፣ የሰበሰበው እዚያው ይቀመጣል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ካለፈው ላይ ይጀምራል። እኛ ዘንድ ግን እያንዳንዱ አጥኚ ከዜሮ ይጀምራል፣ ሽማግሌዎቹም ያንኑ ጥያቄ ደጋግመው ይመልሳሉ።

«ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አለላችሁ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አለን፣ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ፤ ብዙ ልጆቻችንንም አስተምሮልናል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሲያስተምር የዋለ፣ ማታ ፈተና የሚያርም መምህር በትርፍ ሰዓቱ የሚሠራው ጥናት ለዚህ አይበቃም። ሥራዬ ብለው የተቀመጡ ተመራማሪዎች ያስፈልጋሉ። ከየትም ዩኒቨርሲቲ የመጣ፣ ከሰሜን ሸዋ ሰው መረጃ የወሰደ ሁሉ የጥናቱን ቅጂ ለተቋሙ የማስገባት ግዴታ ይኑርበት። ከዚያ ሁለትም ሦስትም ገጽ ትሁን፣ ቀበሌው ስብሰባ ላይ የምትነበብ ቀላል የአማርኛ ጽሑፍ ትውጣው።

ደግሞ ጊዜ የለንም። ስለ ርስት፣ ስለ አዋጁ፣ ስለ ድርቁ ዘመን በዓይናቸው አይተው የሚመሰክሩ ሰዎች እያለፉብን ነው። ከየቦታው ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን የተጠለሉ ወገኖቻችንም አሉ። የደረሰባቸውን ዛሬ በሥርዓት ተቀርጾ ካልተቀመጠ፣ ነገ ሁሉም እንደ ፍላጎቱ ይጽፈዋል። ለዚህ ሥራ የሠለጠነ ሰው፣ መቅረጫና አስተማማኝ ማኅደር ይበቃል። ሕንፃው ቀስ ብሎ ይደርሳል፤ ለጊዜው አንድ ደህና ክፍል ይበቃናል።

እኛ የየወረዳው መምህራን ከማሰባሰቡ ጀምሮ አብረን እንሠራለን። አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባል። ከዚያ በፊት ጥያቄያችን ዕቅዳችሁ ውስጥ ይግባልን፤ የማይሆን ከሆነም ምክንያቱን በጽሑፍ አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣
ከመንዝ አንድ መምህር