ለሳይኮአናሊሲስ የሚስማማ ታካሚ እንዴት ይለያል?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

በጤና ዓምዳችሁ ላይ ሳይኮአናሊሲስ የሚባለው፣ ታካሚው ወደ አእምሮው የመጣውን ሁሉ እየተናገረ ከሐኪሙ ጋር የተደበቀ ስሜቱን የሚመረምርበት የሥነ ልቦና ሕክምና የሚጠቅመው ለተማረና ስሜቱን በቃላት መግለጽ ለሚችል ሰው ብቻ ነው የሚል ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ለንደን ውስጥ ለአማርኛ ተናጋሪ ታካሚዎች በማስተርጎም ሥራዬ ይህ ሚዛን ሰውን እንዴት እንደሚጎዳ ስላየሁ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አስተያየቱ መነሻ የለውም አልልም። የሳይኮአናሊሲስ መሥራች ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1904 ቪየና ውስጥ ለሐኪሞች ባደረገው ንግግር ታካሚው በቂ ትምህርትና እምነት የሚጣልበት ጠባይ ሊኖረው እንደሚገባ፣ ዕድሜው ወደ 50 የተጠጋ ሰው አእምሮ ለለውጥ እንደማይመች፣ ለሕይወት የሚያሰጋና ቶሎ መወገድ ያለበት ሕመምም በዚህ መንገድ እንደማይታከም ተናግሯል። የመጨረሻው ነጥብ ዛሬም ትክክል ነው። የዕድሜው ገደብ ግን በራሱ ተከታዮች ዘንድ እንኳ አልጸናም፤ ካርል አብርሃም እ.ኤ.አ. በ1919 ከታካሚው ዕድሜ ይልቅ የሕመሙ ዕድሜ ወሳኝ መሆኑን ጽፏል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የአንደበት ጉዳይ ነው። በሳምንት ከሦስት እስከ አምስት ቀን፣ ምናልባትም ለዓመታት የሚዘልቅ ሕክምና በመሆኑ፣ ሐኪሙ ታካሚው ራሱን ለማወቅ መፈለጉን፣ ሐዘንና ቁጣ ሲነሣበትም መቻሉን አስቀድሞ ሊመዝን ይገባል። ነገር ግን የሚመዝነው በምን ቋንቋ ነው? ማንነታቸውን የሚገልጽ ነገር ሳልጠቅስ፣ አንዲት እናት በመጀመሪያው ቀን «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ሲሉ የሆድ ሕመም አስመስዬ ተረጎምኩት፤ ሐኪሙም ታካሚዋ የሚናገሩት ስለ ሰውነታቸው ብቻ እንደሆነና ወደ ውስጣቸው እንደማይመለከቱ ጻፈ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። እኛ አንጀታችን ሲላወስና ሆዳችን ሲባባ የምንናገረው ስለ ናፍቆትና ስለ ሐዘን መሆኑን በማግሥቱ ለሐኪሙ አስረዳሁት። እርሱም ሌላ ቀጠሮ ሰጣቸው፤ በዚያም ቀን ማንም ሳይጠይቃቸው ባሕር ማዶ ሳሉ መርዶ ስለተነገራቸው፣ ቀብሯ ላይም ስላልቆሙላት እናታቸው ማውራት ጀመሩ።

የወላጅን ገመና ለባዕድ አለማውጣትም በእኛ ዘንድ ጨዋነት እንጂ ራስን አለማወቅ አይደለም፤ ይህን ዝምታ ሐኪሙ ቢሳሳትበት ግን ታካሚው «አይስማማውም» ተብሎ ይሰናበታል።

ፍሮይድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1913 በጻፈው ምክር ታካሚን በመጀመሪያ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በሙከራ ይቀበል እንደነበር ገልጿል። በአስተርጓሚ ለሚመዘን ሰው ይህ ጊዜ የግድ አስፈላጊ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ዓምዳችሁ ወደ ጉዳዩ ሲመለስ፣ በአንድ ቀን ቃለ መጠይቅ አይስማማህም የተባለ አንባቢ ዳግመኛ፣ የሚቻል ከሆነም አማርኛ በሚችል ባለሙያ እንዲታይ መጠየቅ እንደሚችል ብትገልጹለት እወዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አስተርጓሚ፣ ከለንደን