መታወቂያ የሌለው ወጣት በማን ይወከላል?

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ወጣቶች ተሳትፎ የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ። አብዛኞቹ ወጣቱ «ባለድርሻ አካል» ነው ብለው ያበቃሉ። ባለድርሻ የተባለው ወጣት በየት በኩል እንደሚገባ የነገረን ግን የለም። እኔ እንዳየሁት የሥራውም የውክልናውም በር አንድ ነው፤ የወረዳ የነዋሪነት መታወቂያ። ይህን ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

መስከረም 30 ቀን 2009 ዓ.ም. አገሪቱ በተቃውሞ ስትናጥ ቆይታ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ገና መታወጁ ነበር። የወቅቱ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሙላቱ ተሾመ ምክር ቤቶቹን ሲከፍቱ ሁለት ነገር ቃል ገቡ። አንዱ ለወጣቶች የ10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ነው። ሌላው የምርጫ ሕጉ ተሻሽሎ በምክር ቤት ያልተወከሉ ድምፆች እንዲሰሙ ማድረግ ነው። በዚያ ጊዜ ከ547ቱ መቀመጫ አንድም ተቃዋሚ እንዳልነበረ አንባቢ አይዘነጋውም። ንግግሩን የጻፈው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ የወጣቱ ጥያቄ ሁለት ክንድ እንዳለው ገብቶት ነበር፤ እንጀራና ድምፅ።

ገንዘቡ ሳይውል ሳያድር መጣ። ፈንዱ በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 995/2009 ተቋቋመ፤ ወጣቱም ተደራጅ ተባለ። የምርጫው ነገር ግን በእንጥልጥል ቀረ። ፓርቲዎች ስለ ቅይጥ ትይዩ የምርጫ ሥርዓት፣ ማለትም ከፊሉ መቀመጫ በአብላጫ ድምፅ ከፊሉ በፓርቲ ዝርዝር ስለሚያዝበት መንገድ፣ ተደራድረው ነበር፤ ለውጡ ሲመጣ ድርድሩም አብሮ ተረሳ። በ2011 የወጣው የምርጫ አዋጅ የአብላጫ ድምፁን ሥርዓት እንዳለ አቆየው። በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ይመረጣል የሚለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ሳይሻሻል ከዚህ ሌላ ማድረግም አይቻልም ነበር።

ይህ የሕግ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖራል። አይደለም። በአንድ የምርጫ ክልል አንድ ሰው ብቻ በሚያልፍበት ውድድር፣ የትኛውም ፓርቲ ቢሆን የሚያቀርበው ስሙ የታወቀ፣ ሠርግና ለቅሶ ላይ የከረመ፣ ኪሱም የማይሳሳ ሰው ነው። ሕጉ 21 ዓመት የሞላው ሰው መወዳደር ይችላል ይላል፤ መቻሉን ማን ከለከለ? በፓርቲ ዝርዝር የሚመረጥበት መንገድ ቢኖር ኖሮ ግን ከየሦስቱ ስም አንዱ ከ30 ዓመት በታች ይሁን ብሎ ማስገደድ ይቻል ነበር። ፈቃዱ ካለ እንዲህ ያለው ነገር እንደማያስቸግር ደግሞ አይተናል። ጥቅምት 2011 ላይ የሚኒስትሮች ካቢኔ ግማሹ በአንድ ቀን ሴቶች ሆነ። ለወጣቱ እንዲህ ያለ ቀን አልመጣለትም። የመጣለት የወጣት ሊግ ነው፤ እዚያም ቢሆን ፀጉሩ የሸበተ «ወጣት» አይጠፋም። የአገሪቱ የወጣቶች ፖሊሲ እኮ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው!

አሁን ወደ መታወቂያው ልምጣ።

አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ከደብረ ታቦር መጥቶ ጀሞ አካባቢ የሰርቪስ ክፍል ተከራይተን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። ሲቪል ምህንድስና ተምሯል፤ የመውጫ ፈተናውንም አልፏል። አራት ኪሎ ያሉት የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ «0 ዓመት» የሚል ሲያጣ፣ ቢያንስ ሥራ ፈላጊ ሆኜ ልመዝገብና ከጓደኞቼ ጋር ልደራጅ ብሎ ወረዳ ሄደ። «የወረዳችን መታወቂያ አለህ?» አሉት። ለመታወቂያ ከትውልድ ቀበሌው መሸኛ አምጣ ተባለ፤ ተመላልሶ አመጣ። ቀጥሎ የሚመዘገብበት የቤት ቁጥርና የቤቱ ባለቤት ፊርማ ተጠየቀ። አከራያችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሲታመም ገንፎ ሠርተው ያመጡለት ናቸው። ፊርማው ላይ ግን «ልጄ፣ ክፍል አከራየሁህ እንጂ ቤቴን አላካፈልኩህም» አሉት። ወረቀት ላይ ስሙ ከገባ የኪራይ ግብር ይመጣብኛል፣ ነገ ደግሞ አልወጣም ይለኛል ብለው ይፈራሉ። እሳቸውንም አልፈርድባቸውም።

ይህ ልጅ እንግዲህ በወረዳው መዝገብ ላይ ሥራ አጥ እንኳ አይደለም። የወረዳው የሥራ አጥ ቁጥር ሲነገር እሱ የለበትም፤ ብድሩም ሼዱም አይመለከተውም። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የማይነገረው ቀጣዩ ነው። አንድ ቀን የወጣቶች መድረክ አለ ተብሎ ሰምተን አብረን ሄድን። በር ላይ የሚዞረው የመገኛ ቅጽ አራት ዓምድ አለው፦ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ ፊርማ። እሱ ሁለተኛውን ባዶ ትቶ ፈረመ። አስመዝጋቢዋ በትሕትና «ወንድሜ፣ ተወካይ ሲመረጥ የምንወስደው የወረዳውን ነዋሪ ነው፤ መስማት ግን ትችላለህ» አለችው። የተመረጡት ልጆች የምናውቃቸው ናቸው። በጎ ፈቃድ ላይም፣ ሰልፍ ላይም፣ ችግኝ ተከላ ላይም እነሱ ናቸው። ትጉ ልጆች ናቸው፤ ግን የወላጆቻቸው ቤት ውስጥ ይኖራሉ፣ አንዳንዶቹም ወረዳው ውስጥ ሥራ ይዘዋል። ኪራይ ጨመረብኝ የሚል ሰው በመካከላቸው አልሰማሁም።

የአገራዊ ምክክሩ ነገርም የሚያሳስበኝ በዚህ በኩል ነው። በ2014 ኮሚሽኑ ሲቋቋም ደስ ካላቸው አንዱ ነኝ። ተሳታፊ ከታች ከወረዳ ጀምሮ በማኅበረሰብ ክፍል ይመረጥ መባሉ፣ ወጣቱም ራሱን ችሎ አንድ ክፍል መሆኑ ትክክል ነው። ነገር ግን በተሳታፊዎች ልየታው ላይ ተባባሪ የሆኑት እነማን ናቸው? የወረዳ አስተዳደር፣ እድር፣ የመምህራን ማኅበር፣ የመሳሰሉት። እድር የሚያውቀው ባለ ድንኳኑን ነዋሪ ነው። በየዓመቱ ሰፈር የሚቀይር ተከራይ ወጣት እድርተኛ አይሆንም፤ ወረዳውም አያውቀውም። ስለዚህ አጀንዳ ሲሰበሰብ የእሱ ጥያቄ የሚገባው በሌላ ሰው አፍ ነው። የሌላ ሰው አፍ ደግሞ «የሥራ ዕድል ፈጠራ ይጠናከር» ይላል እንጂ «የቤት ቁጥር የሌለኝን መዝግቡኝ» አይልም።

ሌላም አለ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። በቆጠራው ማግስት የተወለደ ልጅ አንድም ጊዜ ሳይቆጠር የመምረጥ ዕድሜ ደርሷል። ስንት ወጣት የት እንዳለ የማናውቅ ከሆነ፣ በየወረዳው ስንት ወጣት ተወክሏል የሚለው ሪፖርት ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው?

መከራከሪያውን አውቀዋለሁ። ከተማው ለመጣው ሁሉ መታወቂያ ከሰጠ አገሩ ሁሉ አዲስ አበባ ይገባል፤ ለነዋሪው ያልበቃ ሼድ ለማን ይበቃል? ይህ ስጋት ከንቱ አይደለም። ግን እኔ ቤት ወይም ሼድ ስጡ አላልኩም፤ መዝግቡ ነው ያልኩት። ሥራ ፈላጊን መመዝገብ ከነዋሪነት መታወቂያ ይለይ። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ አሻራና ፊት ይዞ ስለሚመዘግብ አንድ ሰው ሁለት ቦታ ተመዘገበ የሚለው ፍርሃት አሁን ቦታ የለውም። አንዲት ልጅ በትውልድ ወረዳዋ መታወቂያ ፓስፖርት አውጥታ ሪያድ ለቤት ሠራተኝነት መሄድ ትችላለች፤ በዚያው መታወቂያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ፈላጊ ነኝ ማለት አትችልም። ይህን የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር እንዴት አያየውም? የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ጥሩ ነው፤ ጓደኛዬም ሰርተፍኬቱን ወስዷል። ሰርተፍኬቱ ግን የቤት ቁጥር የለውም።

የወጣት ተወካይ ሲመረጥም የምርጫ ሕጉን መለኪያ መዋስ ይቻላል። መራጭ ሆኖ ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር በቂ ነው። ለፓርላማ ድምፅ መስጫ የበቃ ነዋሪነት፣ ለወረዳ የወጣቶች መድረክ ሲሆን የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም። ከሚመረጡት ወጣቶች ቢያንስ ሲሶው ሥራ ፈላጊ ይሁን፤ ዕድሜውም በፖሊሲው ይለካ። ይህ ሁሉ ሕገ መንግሥት ማሻሻል አያስፈልገውም፤ መመሪያ ብቻ ይበቃዋል። የአንቀጽ 54 ጉዳይ ግን በምክክሩ አጀንዳ ውስጥ ይግባ፤ ከ2009 ጀምሮ በቀጠሮ ላይ ያለ ጥያቄ ነው።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። ጋዜጠኞቻችሁ ከአዲስ አበባ ወረዳዎች የተወሰኑትን መርጠው የወጣት ተወካዮቹን ዝርዝር ይጠይቁልን። የማንንም ስም ማተም አያስፈልግም፤ ዕድሜያቸው ስንት ነው፣ ስንቱ ተከራይ ነው፣ ስንቱ ሥራ የለውም የሚለው ብቻ ይበቃል። ወረዳው አልሰጥም ካለም ያንኑ ጻፉት።

አንባቢያችሁ፣ ከጀሞ፣ አዲስ አበባ