ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ዳማው ፈረስ ሳልና ስለ ሙቀት መብራቱ

አዳማ፣ ኅዳር

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን፤ እናትህም ሰላም ትልሃለች። የኅዳር ነፋስ እንደ ልማዱ የከተማውን አቧራ ወደ ቤት ማስገባት ከመጀመሩ በቀር አዲስ ነገር የለም።

በምትሠራበት የፈረሶች ማደሪያ የኢንፍራሬድ መብራት እንደ ተተከለ፣ ዳማው ፈረስ ከሳምንት ወዲህ እንደሚያስልና ከአፍንጫው ፈሳሽ እንደሚወጣ፣ ኃላፊህም በቀን ሁለት ጊዜ ከመብራቱ ሥር እንድታቆመው እንዳዘዘህ የጻፍክልኝ ደርሶኛል። በስልክ ልመልስልህ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን መልሴን ለኃላፊህ ማሳየት ሊያስፈልግህ ስለሚችል በጽሑፍ ይሁን አልኩ። መብራቱን አጥፋው አልልህም፤ ሆኖም ሙቀቱ ፈረሱን የሚያሳርፍ እንጂ ሕመሙን የሚያድን እንዳልሆነ እንድታውቅ እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ ከመብራቱ የሚወጣው፣ ኢንፍራሬድ የሚባለው ጨረር ምን እንደሆነ ልንገርህ። ዊልያም ኸርሼል የተባለው የሥነ ፈለክ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1800 የፀሐይን ብርሃን ወደ ቀለማት በሚከፍል ፕሪዝም በተባለ መስታወት በትኖ የየቀለሙን ሙቀት በቴርሞሜትር ሲለካ፣ ከቀዩ ቀለም ወዲያ፣ ዐይን ምንም በማያይበት ስፍራ፣ ሙቀቱ ከሁሉም በልጦ አገኘው። እናትህ ቡና ስታፈላ ከከሰሉ ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ጀርባው እየበረደው ፊቱ የሚግለው በዚሁ ጨረር ነው። ጨረሩ ሲያርፍበት ቆዳ ይሞቃል፣ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ የተኮማተረ ጡንቻም ይላላል፤ በውጭ አገር የውድድር ፈረሶችን ከሥራ በፊትና በኋላ ከእንዲህ ያለ መብራት ሥር የሚያቆሟቸው ለጀርባና ለአንገት ጡንቻቸው፣ ታጥበውም ከሆነ ቶሎ እንዲደርቁ ነው። ይሁን እንጂ ረጅም ሞገድ ያለው ጨረር ከቆዳው የላይኛው ክፍል አያልፍም፤ አጭር ሞገድ ያለውም ቢሆን ዘልቆ የሚገባው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው፤ ፀጉሩ የሚያስቀረውን ሳንቆጥር።

አሁን የፈረሱን ራስ አስብ። ፈረስ እንደ እኛ አፉን ከፍቶ መተንፈስ አይችልም፤ ትንፋሹ ሁሉ በአፍንጫው ነውና የአፍንጫው ጉዳት የመላ አካሉ ጉዳት ነው። የአፍንጫው መንገድና በጉንጩ በኩል ያሉት ሳይነሶች፣ ማለትም አየር የሚይዙት የራስ ቅል ክፍተቶች፣ በአጥንት የተከበቡ ናቸው። ከዚያም ወዲያ፣ ከመንጋጋው ማዕዘን በስተኋላ፣ በግራና በቀኝ የጉሮሮ ከረጢት የሚባሉ ሁለት የአየር ከረጢቶች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ከ300 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይይዛሉ። መግል የሚጠራቀመው እዚያ ከሆነ ከውጭ የሚያርፈው ሙቀት አይደርስበትም፤ የእንስሳት ሐኪም በቱቦ ገብቶ ማጠብ አለበት። ፈሳሹ ከአንድ አፍንጫ ብቻ የሚወጣና የሚሸት ከሆነ ደግሞ ጥርሱን ጠርጥር፤ የላይኞቹ የኋላ መንጋጋ ጥርሶች ሥሮቻቸው ከሳይነሱ ጋር የተጎራበቱ ስለሆኑ፣ አንድ የበሰበሰ ጥርስ ሳይነሱን በመግል ይሞላዋል። ያን ጊዜ መፍትሔው ጥርሱ ነው። ጉንፋን መሰሉ የፈረስ ኢንፍሉዌንዛ ከሆነም ቫይረስ ነውና መብራት አይገድለውም፤ ትኩሳት ለነበረበት ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሳምንት ዕረፍት መስጠት የተለመደው ምክር ነው። ኃላፊህን የሚያስከፋው ይህ ምክር ይመስለኛል፤ ቆሞ የሚቀለብ ፈረስ ገቢ አያስገባምና።

ሙቀት በእርግጥ የሚረዳበት አንድ ቦታ አለ፤ እኔም የተሳሳትኩት እዚያው ላይ ነው። ስትራንግልስ የሚባለው፣ በባክቴሪያ የሚመጣው የመንጋጋ ሥር እባጭ፣ ገና ጠንካራ ሳለ ሞቅ ያለ ነገር ቢደረግበት ቶሎ ይበስላል። አንተ ገና ሕፃን ሳለህ ከመናኸሪያው አጠገብ ከሚቆሙት ባለጋሪዎች አንዱ መንጋጋዋ ሥር ያበጠባትን ባዝራውን አመጣልኝ። ጨው በገባበት ሞቅ ያለ ውኃ ጨርቅ እየነከርኩ ጠዋትና ማታ ያዝኩላት፤ በአምስተኛው ቀን ፈነዳ፣ መግሉ ወጣ፣ ፉርሽካዋንም መብላት ጀመረች። ባለቤቷ መረቀኝ፤ እኔም ኩራት ተሰማኝ። ነገር ግን ከሌሎቹ ለይተህ እሰራት አላልኩትም ነበር፤ ሁሉም ከአንድ ገንዳ ይጠጡ ነበርና ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከዚያው ፌርማታ 8 ፈረሶች ታመሙ፤ አንዱም ጉሮሮው ውስጥ ያበጠው እጢ ትንፋሽ ከልክሎት ሞተ። እባጩን ያበሰልኩት እኔ ነኝ፤ በሽታው ወደ ሌሎቹ እንዲተላለፍ መንገድ የተውኩለትም እኔ ነኝ። ፈረሱ በበሽታው ከተያዘ በኋላ ምልክቱ በአብዛኛው ከ3 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል፤ ትኩሳቱም ፈረሱ ወደ ሌሎች ማስተላለፍ ከመጀመሩ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድሞ ስለሚመጣ፣ ቴርሞሜትር የያዘ ሰው ሊቀድመው ይችላል። ይህን ያኔ አላወቅሁም ነበር።

ስለዚህ ዛሬውኑ ዳማውን ለይተህ እሰረው፤ ባልዲውና መጥረጊያው የብቻው ይሁን፤ ወደ ሌሎቹ ከመሄድህ በፊት እጅህን ታጠብ። የሁሉንም ፈረሶች ሙቀት ጠዋትና ማታ ለካ፤ ዳማውን የምትለካው ግን ከመብራቱ በፊት ይሁን። ጤነኛ ጎልማሳ ፈረስ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይለካል፣ ዕረፍት ላይ ሆኖም በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል። ትኩሳት ካለው መብራቱን ፈጽሞ አታብራለት፤ ለሚነድ አካል እሳት መጨመር ነው።

ትኩሳት ከሌለውና ሐኪሙ ከፈቀደ፣ መብራቱን ለአንገቱና ለጀርባው አድርገው፤ የእጅህን ጀርባ በፈረሱ ቦታ ለጥቂት ደቂቃ ያዝበት፣ አንተን ካቃጠለህ ለእርሱም ቅርብ ነው። በዐይኑ ትይዩ አታድርገው፤ ለረጅም ጊዜ የሚያርፍ ጨረር የዐይንን ሌንስ ያጨልማል፤ የቀድሞ የብርጭቆ ሠራተኞች ከምድጃው ፊት እየዋሉ የዐይን ሞራ ይይዛቸው የነበረው በዚህ ነው። ጭድም በአቅራቢያው አይኑር።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ከመብራቱ ሥር ስታቆመው ራሱን ከፍ አድርገህ ታስረዋለህ፤ ፈረስ ግን ከአየር ቧንቧውና ከአፍንጫው ቆሻሻ የሚያወጣው ራሱን ዝቅ አድርጎ ሲግጥ ነው። ሙቀቱ ያላላውን ንፍጥ ማሰሪያው ያስቀረዋል ማለት ነው። ስለዚህ ጊዜውን አሳጥር፤ ምግቡን መሬት ላይ አቅርብለት፤ ጭዱንም ውኃ ነክረህ ስጠው። እዚህ አዳማ ባለጋሪዎቻችን ደረቅ ጭድ በከረጢት አፉ ላይ ሲያንጠለጥሉለት፣ ፈረሱ የሚተነፍሰው ያንኑ አቧራ እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ዓመት ደክሜያለሁ፤ የሰሙኝ ጥቂቶች ናቸው።

ፈሳሹ ከአንድ አፍንጫ ነው ወይስ ከሁለቱም? ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ይጨምራል? ይሸታል? መንጋጋው ሥር በጣትህ ስትዳስስ ያበጠ ነገር አለ? እነዚህን ሳትጽፍልኝ ቀርተሃል፤ ለሐኪሙም የምትነግረው እነርሱን ነው። የሰባት ቀን ሙቀቱን በወረቀት ጽፈህ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።

አባትህ