ይድረስ ካልጋሪ ላለው ወንድሜ

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። መጠፋፋታችን በዛ። ማን ቀድሞ እንደጠፋ መካሰሱን እንተወው።

መሐል ሜዳ እናትህን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። እዚያ ካናዳ፣ ባንፍ ፓርክ የተነሣኸውን ፎቶ አይተው እንቅልፍ አጥተዋል። ከጀርባህ ያለው ማስጠንቀቂያ ላይ ድብ ተሥሏላ! ድብን የሚያውቁት ዳዊት በጎቹን ሊያስጥል ከገደለው ነው። «ልጄ አውሬ መሀል ነው እንዴ ያለው?» አሉኝ።

ላረጋጋቸው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ በዚያው ቀረሁ። በዓለም ላይ 8 ዓይነት ድብ አለ። አፍሪካ ውስጥ ግን ዛሬ አንድም የዱር ድብ የለም። ሰው ሁሉ «ሙቀቱ ነው» ይላል። አይደለም። ህንድ ውስጥ ምስጥ እየመጠጠ የሚኖር አለ። የማሌዢያና የሱማትራው ትንሹ ድብ ዓመቱን ሙሉ ሙቀት ውስጥ ነው። የደቡብ አሜሪካው ደግሞ አንዲስ ተራሮች ላይ፣ ኢኳዶር ምድር ወገብ ድረስ ይኖራል።

ታዲያ የእኛ የመንዙ ጓሳ ደጋ ምን አነሰው? ብርድ ከሆነ አለ፤ ከፍታውም ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ተስማምቷቸዋል። ነገሩ መንገዱ ይመስለኛል። ከሰሜን የሚመጣ ድብ ያን ሁሉ የሰሐራ አሸዋ ማቋረጥ ነበረበት። ሰሜን አፍሪካማ ደርሶ ነበር እኮ! አትላስ ተራሮች ላይ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ኖሯል፤ ከዚያ ጠፋ። ከጥንቱ ደግሞ፣ ከ5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ደቡብ አፍሪካ የደረሰ ግዙፍ ዘመድ ነበረው። ቅሪተ አካሉ እዚያው ላንግባንዌግ የሚባል ቦታ ተገኝቷል።

አውስትራሊያም ድብ የላትም። ኮዋላ ልጁን በከረጢት የሚያሳድግ ሌላ እንስሳ ነው። የዳዊት አገር ድብም ከዚያ ጠፍቷል፤ ዘመዶቹ ቱርክና ኢራን ተራሮች ላይ አሉ። ይህን ስነግራቸው እናትህ «ተመስገን!» አሉ፤ ለአንተ የሚጠቅምህ መስሏቸው።

ነጩ ድብ ሩቅ ሰሜን፣ ባሕሩ ዳር እንደሆነ፣ የሚያድነውም የባሕር እንስሳ እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁ። ጥቁሩና ቡናማው ባንፍ ውስጥ እንደሚዞሩ ግን አልተነፈስኩም። ስትደውልላቸው እንዳታጋልጠኝ፣ አደራ።

አንተስ በዓይንህ አይተኸው ታውቃለህ? የቆሻሻ መጣያው ሁሉ ድብ እንዳይከፍተው ተደርጎ ነው የሚሠራው የሚባለው እውነት ነው? ጻፍልኝ። ባለቤትህንና ልጆቹን ሰላም በልልኝ።

ወንድምህ፣ ከደብረ ብርሃን