ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆች፦ ስለ ሜካኒካል ምህንድስና

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ልጆቻችሁ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ምን እንደሚያጠኑ እያሰቡ ነው። ሜካኒካል እፈልጋለሁ የሚሉት ግን ቤት ውስጥ «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ ጋራዥ ልትገባ?» እንደሚባሉ ይነግሩኛል። ጋራዥ የተከበረ እንጀራ ነው። ማሽን መንደፍን፣ መሥራትንና መጠገንን የሚያስተምረው ይህ ትምህርት ግን ከዚያ እጅግ ይሰፋል።

ውሃን እንውሰድ። ጎንደር ዳገት ናት፤ ውሃ ወደ ላይ የሚወጣው በፓምፕ ነው። ፓምፑ በሚስብበት በኩል ግፊት ሲያንሰው ውስጡ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል። አረፋው ግፊት ወዳለበት ሲደርስ በኃይል ይከስማል። ያኔ ፓምፑ ጠጠር የዋጠ ይመስል ይንኳኳል። ዝም ከተባለ ውሃውን የሚገፋው ኢምፔለር እየተቦረቦረ ያልቃል። አዲስ ኢምፔለር መግጠም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ እሱም ይበላል። መሐንዲሱ ማጣሪያው ተደፍኖ ይሆን፣ ቱቦው ጠቦ ይሆን፣ ፓምፑ ከውሃው በጣም ከፍ ብሎ ተተክሎ ይሆን ብሎ ይለካል፣ ያሰላል። ክፍል ውስጥ «ምን ይጠቅመኛል?» የሚሉት ፊዚክስ እዚህ ጋ ነው የሚፈለገው።

እዚሁ ከተማችን ዳሸን ቢራ ፋብሪካ አለ። ቢራ ያለ ቦይለር (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጥ ማሽን)፣ ያለ ማቀዝቀዣና ያለ ጠርሙስ መሙያ ማሽን አይወጣም። ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና መሣሪያ የሚያመክነው በእንፋሎት ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ የውሃ ኃይል ማመንጫ ውሃ በሚያሽከረክራቸው 4 ተርባይኖች 460 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። የአውሮፕላን ጥገናና የነፋስ ኃይልም አለ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ንድፍ የሚሠሩም ብዙ ናቸው።

ሥራው ሁሌ ዘይት መንካት አይደለም። የጥገና ዕቅድ ማውጣት፣ መለዋወጫ ማዘዝና ሪፖርት መጻፍ ብዙ ሰዓት ይወስዳል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሥራ እንደተመረቁ ወዲያው ላይገኝ ይችላል። ጎንደር ውስጥ ትልልቅ ፋብሪካ ብዙ የለም። ልጁ አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ኮምቦልቻ መሄድ ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ገና ተማሪ ሳለ የንድፍ ሶፍትዌር ይልመድ፤ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) እና ብየዳም በእጁ ይሞክር።

«ለሴት ልጅ ይከብዳል» የሚለውን ግን አልቀበልም። ከባዱን ዕቃ የሚያነሳው ክሬን ነው። ከሴት ልጃችሁ የሚፈለገው ሒሳብና ትዕግሥት ነው።

ትምህርቱ እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ይሰጣል። ምርጫው ከመሞላቱ በፊት የልጃችሁን የሒሳብና የፊዚክስ ውጤት አብረን እንድናይ በሥራ ሰዓት ቢሮዬ ኑ። ልጁንም ይዛችሁት ኑ።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር፣ ጎንደር