57 ቶን ስንት ኪሎኒውተን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ሕንፃዎች ጥራት የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ። ሲሚንቶው ይወቀሳል፣ አሸዋው ይወቀሳል፣ ብረቱም አይቀርለት። እኔ በኮንክሪት መፈተሻ ላቦራቶሪ የምሠራ ቴክኒሺያን ነኝና የማነሳው ስለ አንድ የማባዣ ቁጥር ነው።

ከግንባታ ሳይት የሚመጣልን የኮንክሪት ናሙና፣ ኪዩቡ፣ በየጎኑ 15 ሳንቲሜትር ነው። ውኃ ውስጥ ሰንብቶ በ28ኛው ቀን በመጭመቂያ ማሽን ይሰበራል። አዳዲሶቹ ማሽኖች ኪዩቡን የሰበረውን ኃይል በኪሎኒውተን ያሳያሉ፤ የአንዳንድ አሮጌዎቹ መርፌ ግን የሚያመለክተው ቶን ነው። ሪፖርቱ በሜጋፓስካል፣ ማለትም በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ላይ በሚያርፍ ኒውተን፣ ስለሚጻፍ ቶኑ አስቀድሞ ወደ ኪሎኒውተን መለወጥ አለበት። «በአሥር አባዛና ጨርስ» የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ኪዩቡ 57 ቶን ላይ ተሰበረ እንበል። በ10 ሲባዛ 570 ኪሎኒውተን ይሆናል። ይህ ለኪዩቡ ገጽ ስፋት፣ ለ22,500 ካሬ ሚሊሜትር ሲካፈል 25.3 ሜጋፓስካል ይሰጣል፤ ሲ-25፣ ማለትም 25 ሜጋፓስካል ጥንካሬ ያለው ኮንክሪት፣ ለታዘዘበት ሥራ «አልፏል» ተብሎ ይፈረምበታል። ትክክለኛው ማባዣ ግን 9.80665 ነው፤ በኃይል መለኪያነቱ አንድ ቶን ይህን ያህል ኪሎኒውተን ነውና። በእሱ ሲሰላ ኃይሉ 559 ኪሎኒውተን፣ ጥንካሬው 24.8 ሜጋፓስካል ነው። ያው ኪዩብ ከ25 በታች ወረደ!

«ሁለት በመቶ ምን ያመጣል?» የሚሉኝ መሐንዲሶች አሉ። ሌላው የፍተሻ ስሕተት አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ያደርጋል፤ ይህ ግን ለእያንዳንዱ ኪዩብ ያልነበረውን ጥንካሬ ይጨምርለታል፣ አንድም ቀን አይቀንስበትም። ደካማውን ኮንክሪት የሚጠቅም ስሕተት እንዴት በዝምታ ይታለፋል?

አንድ ወጣት ባልደረባዬ፣ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ በመሆኗ የስበት ፍጥንጥነቷ 9.77 ገደማ ስለሆነ በዚያ እናባዛ ብሎ ተከራክሮኛል። ማሰቡ ደስ ብሎኛል። ሆኖም ማሽኑ ላይ ያለው ቶን የኃይል መለኪያ ነው፤ 9.80665ም እ.ኤ.አ. በ1901 በዓለም አቀፍ የመለኪያዎች ጉባኤ መደበኛ የስበት ፍጥንጥነት ተብሎ የተወሰነ ቁጥር ስለሆነ እንጦጦ ላይም ጅቡቲ ወደብም አይለወጥም።

ተቆጣጣሪ መሐንዲሶችን የምለምነው፣ ሪፖርት ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ማሽኑ ያነበበው ቁጥር ከነመለኪያውና ከነማባዣው እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። በ10 የተባዛ ካገኛችሁ መልሱት፤ እንደገና ይሰላ።

የኮንክሪት ላቦራቶሪ ቴክኒሺያን
ከአዲስ አበባ